ድንበሩ ስለ ምን ቆመ? ስለ ሴቶች ውድድር ፍትሕና ስለ ሰው ክብር



በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በቶኪዮ በተካሄደ ሰሞን፣ በመንዝ መሐል ሜዳ ከጥቂት ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ ሴቶች ማራቶን ነበር። ትግስት አሰፋ 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ በ2 ሴኮንድ ብቻ መቀደሟ ሁሉንም አስቆጭቷል። በዚህ መካከል በጓሳ መንገድ ጠዋት ጠዋት ሩጫ የምትለማመድ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «አባ፣ እዚያ ለመሮጥ ሴት መሆንን በምርመራ ማረጋገጥ ግድ ሆኗል ይባላል። እኔም አንድ ቀን ብደርስ እመረመራለሁ? ምርመራው ሌላ ነገር ቢናገርስ?» አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እርስዋ ግን አልሳቀችም።

በዚያ ሰዓት የሰጠናት መልስ አጭር ነበር። ይህ ጽሑፍ የቀረውን ዕዳ ለመክፈል የታሰበ ነው። ጥያቄው የስፖርት ብቻ አይደለም፤ ፍትሕ ምን እንደሆነ፣ የሰው ክብርስ በምን ላይ እንደሚቆም የሚፈትን የግብረ ገብ ጥያቄ ነውና።

አስቀድመን ነገሩን በትክክል እናስቀምጥ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ከእ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ በታላላቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች በሴቶች ምድብ የምትሮጥ ማንኛዋም አትሌት በሕይወቷ አንድ ጊዜ የዘረ መል ምርመራ እንድታደርግ ወስኗል። ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ወይም በደም የሚደረገው ይህ ምርመራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፅንስን ወደ ወንድነት የሚመራውን ኤስ.አር.ዋይ. የተባለ ዘረ መል መኖር ወይም አለመኖር ያሳያል። የኢትዮጵያ ልጆችም ወደ ቶኪዮ የሄዱት ይህንኑ ሕግ አሟልተው ነው።

ሕጉ የሚመለከታቸው ሰዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኞቹ በወንድነት ተወልደው፣ በወንድነት ጎርምሰው፣ ኋላ በሴትነት ለመታወቅና ለመኖር የመረጡ፣ በዓለም ቋንቋ ትራንስጀንደር የሚባሉት ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ ሴት ተብለው ያደጉ፣ ነገር ግን በአካላቸው ውስጥ የተሰወረ የጾታ ዕድገት ልዩነት ያለባቸው ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልዩነታቸውን የሚያውቁት ካደጉ በኋላ፣ አንዳንዴም በውድድር ምርመራ ብቻ ነው። ሁለቱን አደባልቆ መናገር በአእምሮ ስሕተት ነው፤ በሰው ላይም በደል ነው።

አሁን መሠረታዊውን ጥያቄ እናንሳ። የሴቶች ምድብ ስለ ምን ተለየ? መልሱን ከራሳችን ልጆች ውጤት ማንበብ እንችላለን። ጉዳፍ ፀጋይ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩጂን ላይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ0.21 ሴኮንድ ስትሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 በሄንግሎ ይህንኑ ርቀት የሮጠው በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሴኮንድ ነው። ሁለቱ በአንድ ሜዳ በዚያው ፍጥነት ቢሮጡ፣ ቀነኒሳ ሲጨርስ ጉዳፍ ከአንድ ዙር የሚበልጥ መንገድ ይቀራት ነበር። ትግስት አሰፋም እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስትፈጽም፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን በ19 ሴኮንድ ፈጠነች። ሆኖም ከዚህ ሰዓት በታች የሚሮጡ ወንዶች በየዓመቱ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ምድቡ አንድ ቢሆን ኖሮ የእነዚህን እኅቶቻችንን ስም ማን ባወቀው ነበር?

ይህ የተከለለ ሜዳ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በኦሊምፒክ የሴቶች 800 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1928 ተጀምሮ ወዲያው ቀረ፤ የተመለሰውም በ1960 ነው። የሴቶች ማራቶን የተጀመረው በ1984፣ የ10,000 ሜትር ሩጫ በ1988፣ የ5,000 ሜትር ደግሞ በ1996 ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ድል ስታደርግ የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበር። ድንበሩ ባይከለል ያ ድል ባልኖረ።

የልዩነቱ ዋና ምክንያት ጉርምስና ነው። እስከዚያ ዕድሜ ድረስ በወንድና በሴት ልጆች መካከል ያለው የሩጫ ልዩነት ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በወንዶች አካል ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ የጤናማ ወንዶች መጠን በግምት ከ7.7 እስከ 29.4 ናኖሞል በሊትር ሲሆን፣ የሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.7 አይበልጥም። በዚህም ጡንቻ ይወፍራል፣ አጥንት ይረዝማል፣ ይጠነክራል፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን 12 በመቶ ያህል ከፍ ይላል።

ታዲያ ይህ ሆርሞን በመድኃኒት ቢቀንስ ልዩነቱ አብሮ ይጠፋልን? ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሆርሞኑ መጠን ለ12 ወራት ከ10 ናኖሞል በታች እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ጥናቶች የሚያሳዩት ውጤት ግን የተከፈለ ነው። ሄሞግሎቢን በአራት ወራት ገደማ ወደ ሴቶች መጠን ይወርዳል፤ የጡንቻ ብዛትና ብርታት ግን ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ የሚቀንሰው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረቦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት በሩጫ ከሴቶች ጓደኞቻቸው 21 በመቶ ይፈጥኑ የነበሩት ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላም 12 በመቶ ይፈጥኑ ነበር። በሌላ በኩል በክንድ ግፊት የነበራቸው ብልጫ በዚያው ጊዜ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በስፖርተኞች ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እነዚህ ሰዎች በእጅ ጭብጥ ብርታት ሴቶችን ቢበልጡም፣ በዝላይ ከፍታና ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር በኦክስጅን አጠቃቀም እንደሚያንሱ አሳይቷል። በእ.ኤ.አ. 2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደሩት የኒውዚላንድ ክብደት አንሺ ሎረል ሀባርድም አንድም ክብደት ሳይሳካላቸው ወጥተዋል።

እውነትን ለመናገር፣ የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ በዓለም ደረጃ የሚሮጡት ደግሞ ከእነዚህም ያነሱ ናቸው። «ሳይንስ ሁሉን ጨርሷል» የሚል ከሁለቱም ወገን ቢሆን ከማስረጃው በላይ ይናገራል። ይሁንና ፍርድ ሰጪ ሁሉ ጥርጣሬው እስኪጠፋ ሊቀመጥ አይችልም። ጥርጣሬ ባለበት ስፍራ የግብረ ገብ ሕግ የሚያስተምረን፣ ብንሳሳት የስሕተቱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ እንድንጠይቅ ነው። ምድቡ የተከለለው ለማን እንደሆነ ካወቅን፣ የብልጫው መጥፋት ሳይረጋገጥ ሸክሙን በሴቶቹ ላይ መጣል ፍትሕ አይመስለንም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 በወንድነት የጎረመሱትን ከሴቶች ምድብ የለየው በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። በዚህ ነጥብ ውሳኔውን ተገቢ ነው እንላለን።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ተፈጥሮ የሰጠው ብልጫ ሁሉ በስፖርት የሚፈቀድ ከሆነ፣ ይህ አንዱ ስለ ምን ይከለከላል? እናንተስ ደገኞች ተፈጥሮ ያደላችላችሁ አይደላችሁምን?» የሚል ነው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። የጓሳ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በዚህ መሰል ከፍታ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የኦክስጅን መጠን 95.3 በመቶ መሆኑን፣ ማለትም ከቆላ ሰው ብዙ አለመራቁን አረጋግጧል። ይህ የደጋ ጸጋ ነው፤ ማንም ግን ከውድድር አላስወጣንም።

መልሱን የጓሳ አባቶች ይነግሩናል። አፈ ታሪክ እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ከለሉት። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለዓመታት ሳይነካ ይቆያል፤ ከብትም አይገባበትም። ጊዜው ሲደርስ ሜዳው በስምምነት ይከፈታል፤ ባለ መብቱ ሁሉ ያን ጊዜ ያጭዳል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሜዳውን በጋራ የመጠበቁ ልማድ በአዲስ መልክ ተመልሶ ጓሳ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኗል።

ይህ ሥርዓት በሰዎች መካከል ያለውን ብልጫ ሁሉ አላጠፋም። አንዱ ጉልበታም ነው፤ ሌላው ብዙ ልጆች አሉት፤ ሦስተኛው ማጭዱ የሰላ ነው። ሥርዓቱ የከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ክልሉን ክልል የሚያሰኘውን ነገር ማፍረስ ነው። የሴቶች ምድብም እንዲሁ ነው። ለደገኛና ለቆለኛ፣ ለረጅምና ለአጭር የተለየ ሩጫ የለም፤ ስለዚህ በእነዚህ ብልጫዎች ማንም አይከለከልም። ምድቡ የተለየው ግን በአንድ ምክንያት፣ የወንድ ጉርምስና ስለሚሰጠው ብልጫ ነው። ያንኑ ብልጫ መልሶ የሚያስገባ ድንበር ስሙ እንጂ ነገሩ አይቀርም።

ነገር ግን ድንበሩ ትክክል ነው ማለት፣ ከድንበሩ ውጭ የቀረው ሰው በደለኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ ከቤታችን አለን። ገንዘቤ ዲባባ በእ.ኤ.አ. የካቲት 2017 በሳባዴል 2,000 ሜትርን በ5 ደቂቃ ከ23.75 ሴኮንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2021 ዛግሬብ ላይ የብሩንዲዋ ፍራንሲን ንዮንሳባ በ5 ደቂቃ ከ21.56 ሴኮንድ አሻሻለችው። ንዮንሳባ የቴስቶስቴሮን መጠኗ በተፈጥሮ ከፍ ያለ መሆኑን ራሷ ለሕዝብ ተናግራለች። በእ.ኤ.አ. 2019 የጸናው ሕግ እንዲህ ያሉትን አትሌቶች፣ ሆርሞናቸውን በመድኃኒት ካልቀነሱ በስተቀር፣ ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ባለው ርቀት ይከለክል ስለነበር፣ በሪዮ ኦሊምፒክ ብር ያገኘችበትን 800 ሜትር ትታ ወደ ረጅም ርቀት ተሻገረች። ሕጉ ወደ ሁሉም ርቀት የሰፋው በ2023 ነው።

በዚህ ነገር ማን ማንን በደለ? ብዙ የአገራችን ሰዎች «ገንዘቤ ተበደለች» ብለዋል። ቁጭቱ ይገባናል። ነገር ግን ንዮንሳባ ያልተፈቀደ መድኃኒት አልወሰደችም፤ ዕድሜዋን አልደበቀችም፤ የተከለከለ ርቀትም አልሮጠችም። አንዱን በር ሲዘጉባት የተከፈተውን በር ፈልጋ ገባች። ጉድለት ነበረ ከተባለ በሕጉ ዘንድ ነበረ። ስለዚህ ሕጉ ይስተካከል ማለት ይቻላል፤ እርስዋን አታላይ ብሎ መስደብ ግን በእግዚአብሔር ፊት ሐሜት ነው። ክብረ ወሰኑንም እ.ኤ.አ. በ2024 አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ሀል አሻሽላዋለች፤ የተናገርነው ክፉ ቃል ግን እንደ ክብረ ወሰን አይሻሻልም።

የምርመራው ታሪክ ራሱ ለጥንቃቄ ይጠራናል። እ.ኤ.አ. በ1966 በቡዳፔስቱ የአውሮፓ ሻምፒዮና ሴቶች ራቁታቸውን በሐኪሞች ፊት እንዲታዩ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1985 ስፔናዊቷ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በኮቤ የክሮሞሶም ምርመራ ሳታልፍ ቀረች፤ ጉዳይዋም በአደባባይ ወጣ። አካልዋ ግን ለቴስቶስቴሮን ምላሽ የማይሰጥ ስለነበር ከሆርሞኑ ያገኘችው ጥቅም አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መብቷ ተመለሰላት። ፋጡማ ሮባ በማራቶን ባሸነፈችበት በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ከተመረመሩት 3,387 ሴቶች በ8ቱ ኤስ.አር.ዋይ. ተገኝቶ፣ ሁሉም እንዲወዳደሩ ተፈቅዷል። አሁን ያለው ሕግም እንደ ፓቲኞ ያሉትን ከክልከላው ነፃ አድርጓል። እንግዲህ አንድ የምርመራ ወረቀት ብቻውን የሰውን ነገር ሁሉ አይናገርም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2025 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት፣ የደቡብ አፍሪካዊቷ የካስተር ሰመንያ አቤቱታ በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት በሚገባ አልታየም ሲል ፈርዷል። ድንበር የሚያቆም ሁሉ ደጁ የቆመውን የመስማት ግዴታ አለበት።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትላለች? በነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የወጣው «ዲግኒታስ ኢንፊኒታ» የተባለው ሰነድ፣ አካልና ጾታ ከእግዚአብሔር የተቀበልናቸው ስጦታዎች እንጂ እንደ ፈቃዳችን የምንለዋውጣቸው አለመሆናቸውን ያስተምራል። ይኸው ሰነድ ግን በማንም ላይ ያለ አግባብ የሚደረግን መድልዎና ጥቃት ይኮንናል፤ ከልደት በሚመጣ የአካል ልዩነት የተቸገረ ሰው የሕክምና እርዳታ ቢሻ ጾታን እንደ መለወጥ እንደማይቆጠርበትም ይናገራል። እውነትና ርኅራኄ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛም ልንለያያቸው አይገባም።

ደግሞም ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የቀረበ ምስክር አለ። በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የተጠመቀው የአገራችን ሰው ጃንደረባ ነበር። በኦሪት ዘዳግም 23ኛ ምዕራፍ ሕግ አካሉ እንዲህ የሆነ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም ነበር። እርሱ ግን በሠረገላው ላይ የሚያነበው ትንቢተ ኢሳይያስን ነበር፤ ያነበበው ከ53ኛው ምዕራፍ ነው፤ ጥቂት ገጾች ቢገልጥ በ56ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጥ ያገኝ ነበር። ፊልጶስ ስለ አካሉ አልጠየቀውም፤ ወንጌልን ነገረው፤ ውኃ ሲገኝ አጠመቀው። የአትሌቱ ጉዳይና የጃንደረባው ጉዳይ አንድ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ ትምህርት አለው፤ የሩጫ ምድብ ድንበር ሊኖረው ይችላል፤ የእግዚአብሔር ቤትና የሰው ልጅ ክብር ግን እንዲህ ያለ ድንበር የላቸውም።

ስለዚህ ድንበሩን የሚጠብቁ ሁሉ ግዴታ አለባቸው። የምርመራ ውጤት እንደ ኑዛዜ ምሥጢር ሊጠበቅ ይገባዋል። ልጅቱ ውጤቱን የምትሰማው በስልክ ወይም በጋዜጣ ሳይሆን፣ በሐኪምና በሚያጽናናት ሰው ፊት ሊሆን ይገባል። ሩጫ ብቸኛ እንጀራዋ የሆነች የገበሬ ልጅ ከምድቡ ብትወጣ፣ ሌላ የምትሠራበትና የምትከበርበት ስፍራ ሊፈለግላት ይገባል። በሰሜን ሸዋ ምድር የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሰለሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። የሮምና የቶኪዮ ጀግና ለሌላ አካል በተከለለ ሜዳ ተቀምጦ ቀስት ሲስብ ክብሩ አልቀነሰም። ስፍራ የሚፈልግ ፍቅር ካለ ስፍራ ይገኛል።

በመንደርም ድርሻ አለን። ድምፅዋ የጎረነነ፣ ጡቷ ያልወጣ፣ ወንዶችን በሩጫ የምትቀድም ልጅ በታየች ቁጥር የሚነሣው ሹክሹክታ ከማንኛውም ምርመራ ይልቅ ያቆስላል። ወላጆች፣ መምህራንና አሠልጣኞች ይህን ሹክሹክታ ሲሰሙ ዝም አይበሉ።

እንግዲህ ለዚያች ተማሪ እንዲህ እንላታለን። ልጄ ሆይ፤ አዎን፣ ብትደርሺ ትመረመሪያለሽ። ምርመራው የሚጠብቀው ሜዳ ለአንቺና ለመሰሎችሽ የተከለለ ስለሆነ አትጥዪው። ከብዙ ሺህ አንዷ ሆነሽ ሌላ ነገር ቢነገርሽ ግን፣ የተነገረሽ ስለ አንድ የሩጫ ምድብ እንጂ ስለ ማንነትሽ ዋጋ አይደለም። እግዚአብሔር በስምሽ ያውቅሻል። ያን ቀን ከሳቁት መካከል ሆነን እንዳንገኝ፣ ከጎንሽ የሚቆሙ እንጂ የሚሸሹሽ እንዳንሆን፣ ጸጋውን ይስጠን። አሜን።